የአደይ አበባ ካርድ በእጅ ማሽን፦ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ 8

ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ካርዶቼን ራሴ ልሠራ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ካርድ ላይ ያለው አደይ አበባ ፎቶ ነው። እኔ የምፈልገው ከወረቀት ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ቀና ብሎ፣ በጣት ሲነካ የሚታወቅ አበባ ነው። ዙሪያውን ደግሞ ጥለት ይኖረዋል። ጥለቱ ቀለም አይገባበትም፤ ወረቀቱ ራሱ ጎበጥ ብሎ ያወጣዋል።

ወረቀት በቅርጽ የሚቆርጠውን ማሽን እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። በእጅ የሚዞር ነው። ገመድ የለውም፣ ኮምፒውተር አይፈልግም። ስሙ ቢግ ሾት ነው፤ የሲዚክስ ምርት። የሲዚክስ እናት ድርጅት ኤሊሰን ይባላል። ኤሊሰን በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ዋና ደንበኞቹ አስተማሪዎች ነበሩ። ለክፍል ግድግዳ ፊደልና ቅርጽ በመቀስ ሲቆርጡ ለሚያመሹ አስተማሪዎች ነበር መሣሪያው የታሰበው። ሲዚክስ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ነው ነገሩ ወደ ቤት የገባው። ማሽኑ ዛሬም የክፍል ዕቃ መሆኑ ያስታውቃል። ጠንካራ ነው፣ ውስጡ የተደበቀ ነገር የለም፣ ልጅም ያዞረዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሁለት ሮለሮች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እጀታውን ስታዞሩ ሁለቱም ይዞራሉ። በመሐላቸው ያለው ክፍተት አይለወጥም። ስለዚህ ግፊቱን የሚወስነው በክፍተቱ ውስጥ የምታስገቡት ድርብርብ ውፍረት ነው። ለስስ ዳይ ከሁሉም በታች ክፍተቱን የሚሞላ መደላድል፣ ከዚያ አንድ ፕላስቲክ ፓድ፣ ከዚያ ዳዩ (ቅርጹን የሚቆርጠው ባለ ስለት መሣሪያ)፣ ከዚያ ወረቀቱ፣ ከላይ ሌላ ፓድ። ድርብርቡ ከሳሳ ወረቀቱ አይቆረጥም። ከወፈረ እጀታው አልዞርም ይላል። በቃ፣ የዚህ ማሽን ጥበብ ሁሉ ውፍረት ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ ከኮምፒውተር ሥዕል ተቀብለው በትንሽ ቢላ የሚቆርጡ ማሽኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ጥሩ ናቸው። ግን ወረቀት ኢምቦስ ለማድረግ፣ ማለትም ተጭኖ ቅርጹ ጎበጥ ብሎ እንዲወጣ፣ የሚያስፈልገውን ግፊት አብዛኞቹ አይሰጡም። ደግሞም ክረምት ነው፤ መብራት ይሄዳል ይመጣል። የእኔ ማሽን መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

ሐምሌ 11

ወረቀት ፍለጋ መርካቶ ዋልኩ።

ሻጮቹ ወረቀትን በግራም ነው የሚጠሩት። 80 ግራም ፎቶ ኮፒ የምናደርግበት ነው። 120 ግራም ትንሽ ጠንከር ይላል። 250 ግራም የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ውፍረት ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ 250 ግራም ተጨምቆ የሳሳ ነው፣ አንዳንዱ ፈታ ብሎ ወፈር ይላል። ለእጅ ማሽን ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ የሚያብረቀርቀውን ነበር። ለፎቶ ቆንጆ ነው፤ ለኢምቦስ አይሆንም። ላዩ ላይ የተቀባው ሽፋን ወረቀቱ ሲጎብጥ አብሮ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ቁራጭ ለምኑና አጥፉት። መታጠፊያው ላይ ነጭ ስንጥቅ ከወጣ ተዉት።

ቢጫውን ስመርጥ ደግሞ ቁራጩን ቀደድኩት። አንዳንድ ቢጫ ወረቀት ላዩ ብቻ ነው ቢጫ፤ ሲቀደድ ውስጡ ነጭ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አበባ ሲሆን ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይታያል። ሌላው ሲመረት ጀምሮ ከጥሬ ዕቃው ጋር ቀለም የተደባለቀበት ነው፣ እስከ ልቡ ቢጫ። እሱን ወሰድኩ፣ 120 ግራም። ለካርዱ ደግሞ የማያብረቀርቅ፣ በጣት ሲዳሰስ ሻከር የሚል ነጭ 250 ግራም።

ትልቁን ወረቀት ሻጩ እዚያው በኤ5 ልክ ቆረጠልኝ። ኤ5 መካከሉ ሲታጠፍ ኤ6 ካርድ ይሆናል። ስፋቱ 14.8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የማሽኑ አፍ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። በትክክል ይገባል።

ከመቁረጡ በፊት ግን የወረቀቱን አቅጣጫ አሳየሁት። ወረቀት ሲመረት ጭረቶቹ፣ ማለትም የተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች፣ በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። በዚያ አቅጣጫ ስታጥፉት ልስልስ ብሎ ይታጠፋል፤ በተቃራኒው ስታጥፉት ይንቀጫቀጫል፣ ጠርዙም ይበላሻል። ለማወቅ ትንሽ ቁራጭ አንድ ጎኗን ብቻ ውሃ ማስነካት ነው። ወዲያው ትጠቀለላለች። የጥቅሉ ቀዳዳ የሚያመለክትበት አቅጣጫ የጭረቱ አቅጣጫ ነው። ሻጩ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ሞከረና «ይሄን ነገር እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር» አለኝ። ካርዱ የሚታጠፍበት መስመር ከጭረቱ ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ አድርጎ ቆረጠልኝ።

ሐምሌ 15

ከማሽኑ ጋር በመጡት ስስ ዳዮች መቁረጥ ጀመርኩ። እነዚህ ከስስ ብረት የተሠሩ ናቸው፣ ከአንድ ጎን ብቻ ጠርዛቸው ስለታም ነው። ስለቱ ወደ ወረቀቱ ይዞራል።

መጀመሪያ ፓዶቹ ሲንጫጩ ያስደነግጣል። የሚሰበር ነገር ያለ ይመስላል። ምንም አይደለም፤ ፕላስቲኩ ስለቱን ሲቀበል የሚያሰማው ድምፅ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ እጀታው ድንገት ድርቅ ሲል ነው። ያኔ መልሶ ማዞርና ድርብርቡን ማየት እንጂ ጉልበት መጨመር አይገባም።

አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ዳዩን ከፓዱ ጠርዝ ጋር ቀጥ አድርጌ ሳስቀምጠው፣ ረጅሙ ስለት በአንድ ጊዜ ሮለሩ ስር ይገባል። እጀታው በዚያች ቅጽበት ይከብዳል፣ ከዚያ ይቀላል። ትንሽ ሰያፍ ሳደርገው ግን ስለቱ ጥቂት በጥቂት ይገባል። እጅም አይደክምም፣ ቆረጣውም እኩል ይሆናል። አሁን ሁሉንም ሰያፍ ነው የማስቀምጠው።

ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ዳይ ላይ ወረቀቱ ይያዛል። የኬክ መጋገሪያ ወረቀት በዳዩና በወረቀቱ መካከል ማስገባት ይረዳል፤ ቅርጹ ተንሸራቶ ይወጣል። የቀረውን በስቴኪኒ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው።

ከፊሉ ብቻ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ አንድ የ80 ግራም ወረቀት ከፓዱ ስር ጨምሩ። የአንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ውፍረት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይህቺ ታህል ነገር ባልተቆረጠና በተቆረጠ መካከል ያለው ልዩነት ናት። በአንድ ጊዜ ብዙ ጨምራችሁ ፓዱን አታሰቃዩት።

ሐምሌ 22

ዝናቡ በርትቷል። ወረቀቱም ተሰምቶታል።

ባለፈው ሳምንት ጥርት ብሎ ይቆረጥ የነበረው ቢጫ ወረቀት ዛሬ ጠርዙ ላይ ጸጉር አወጣ። ዳዩ ያው ነው፣ ፓዱ ያው ነው፣ ድርብርቡም ያው። የተለወጠው አየሩ ነው። ወረቀት እርጥበት ይስባል። ጭረቶቹ ይለሰልሳሉ፣ ስለቱ ሲያርፍባቸው በመቆረጥ ፈንታ ይጎተታሉ። ከጥቅሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ የተውኳቸው ደግሞ ጥጋቸው ተነሥቶ ቆልመም ብለዋል።

ወረቀቱን ሁሉ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገባሁት። አብሬው ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን፣ እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ከተትኩ። ሰፈር ውስጥ ጫማ የገዛ ሁሉ ከረጢቷን እንዳይጥል ተናግሬያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን በዚያው የረጠበ ወረቀት የኢምቦስ ፎልደሩን ሞከርኩ። ፎልደሩ ሁለት ገጽ ያለው ፕላስቲክ ነው። በአንዱ ገጽ ቅርጹ ወደ ላይ ወጥቷል፣ በሌላው ገጽ ያው ቅርጽ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። ወረቀቱ በመሐላቸው ገብቶ ሲጨመቅ ይለጠጥና ቅርጹን ይይዛል። ድርብርቡ ከመቁረጫው የተለየ ነው፤ ፎልደሩ ራሱ ስለሚወፍር ከስር ያለውን መደላድል አሳስቶ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከዕቃው ያወጣሁትን ደረቅ ነጭ 250 ግራምና ጠረጴዛ ላይ ያደረውን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ደረቁ ቅርጹን ይዟል፤ ሹል በሆነው ቦታ ግን ላዩ ተሰንጥቋል። በመስኮት ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ጭረት የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ። እርጥቡ አንድም ስንጥቅ የለውም። ቅርጹም ጠለቅ ያለ፣ ጠርዙ የተሟላ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ሥራዬን ከሰማዩ ጋር አስማማሁት። በክረምት አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ይላል፣ ዝናቡ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠዋት እቆርጣለሁ፣ ከሰዓት ኢምቦስ አደርጋለሁ። ቆርጦ ኢምቦስ ማድረግ በሌላም ምክንያት ይሻላል። ኢምቦስ የተደረገ ወረቀት ተመልሶ መቁረጫ ፓድ ስር ሲገባ ቅርጹ ይደፈጠጣል።

ሐምሌ 27

የአበባው ጉዳይ አላስተኛ ብሎኛል።

ከማሽኑ ጋር የመጡት የአበባ ዳዮች የፈረንጅ አበባ ናቸው። አንዱ ብዙ ቀጫጭን ቅጠሎች ያሉት ነው። ቢጫ ወረቀት ላይ ቆርጬ አየሁት፤ ቆንጆ ነው፣ አደይ ግን አይደለም። የአደይ ቅጠሎች ጥቂትና ሰፋ ያሉ ናቸው። ጫፋቸው ድብልብል ይላል። ከሥር እስከ ጫፍ ደግሞ በርዝመታቸው የወረዱ ስስ መስመሮች አሏቸው። እነዚህ መስመሮች ከሌሉ ማንም ሰው «ቢጫ አበባ» ይላል እንጂ «አደይ» አይልም። እንቁጣጣሽን የሚያህል ቀን ላይ ይሄ ልዩነት ዝም የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ዳዩን እዚሁ ማሠራት አለብኝ።

ነሐሴ 2

አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመት ዳይ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ጋ ሄድኩ። የመድኃኒት ካርቶን፣ የኬክ ሳጥን፣ የጥሪ ካርድ ፖስታ፣ ይህ ሁሉ ከመታጠፉ በፊት በዳይ ነው የሚቆረጠው። አሠራሩን ባላየው ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። ኮምፖርሳቶ ላይ ቅርጹ ይሣላል። በመስመሩ ላይ ስስ ክፍተት በመጋዝ ይወጣል። የብረት ስለት እንደ ቅርጹ እየታጠፈ ክፍተቱ ውስጥ በመዶሻ ይገባል። ከስለቱ ግራና ቀኝ ስፖንጅ ይለጠፋል፤ የተቆረጠውን ወረቀት ገፍቶ የሚያወጣው እሱ ነው።

ሥዕሌን አሳየኋቸው። ስምንት ቅጠል ያለው ሙሉ አበባ ነበር የሣልኩት።

«ጋሼ፣ ይህን በትንሽ ሰሌዳ ሊሠሩልኝ ይችላሉ?»

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ስለት ወረቀት አይደለም። እዚህ ጋ፣ ሁለቱ ቅጠል የሚገናኝበት ጉሮሮ ላይ፣ እንዲህ ሹል አድርጌ ባጥፈው ይሰበራል። ቆርጬ ላጋጥመው እችላለሁ። ግን ስምንት ቦታ መጋጠሚያ ካለው ስምንት ቦታ ወረቀቱ ሳይቆረጥ ይቀርብሻል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አንድ ቅጠል ብቻ ልሥራልሽ። አንድ መጋጠሚያ ነው ያለው፣ እሱም ከሥሩ። ከአበባው መሐል ስለሚገባ አይታይም። አንቺ ደግሞ ቅጠሉን ቆርጠሽ አበባውን በእጅሽ ግጠሚው። ተፈጥሮስ እንደዚያ አይደል የሠራው?»

ነገሩ ያኔውኑ ገባኝ። ከዚያም በላይ ጥቅም አለው። ቅጠሉ ለብቻው ከሆነ እያንዳንዱን ከወረቀቱ ጭረት ጋር አስማምቼ መቁረጥ እችላለሁ። በርዝመቱ ጎንበስ ሲል ልስልስ ብሎ ይጎብጣል። ሙሉ አበባ በአንድ ጊዜ ቢቆረጥ ግን ግማሾቹ ቅጠሎች ከጭረቱ ጋር፣ ግማሾቹ በተቃራኒው ይሆኑ ነበር።

ሰሌዳዋ ላይ ሦስት ቅጠል ጎን ለጎን እንዲሆን ተስማማን።

ከዚያ ቁመቱ ላይ ደረስን። በማተሚያ ቤት ያለው ስለት ቁመቱ 23.8 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ ማሽን የሚቀበለው ወፍራም ዳይ 16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከላይና ከታች ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፓድ ሲጨመር 22 ይሆናል። የእሳቸው ስለት ብቻውን፣ ያለ ፓድ፣ አይገባም። ከቤት አንድ ወፍራም ዳይ ይዤ ሄጄ ነበርና ሰጠኋቸው። በመለኪያ ለኩት። ስለቱን ሞርሳ ላይ አስረው ጀርባውን በግራይንደር አወረዱት። ስለታሙን ጎን አልነኩትም። ብረቱ እንዳይሞቅ በየመሐሉ ውሃ ያስነኩታል፤ ስለት ከሞቀ ጥንካሬው ይሄዳል አሉኝ። ከዚያ በሞረድ አስተካከሉት።

የማጠፊያው ሥራ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቅ ነበር። ስለቱን በፒንሳ አልያዙትም። ትንሽ ማጠፊያ አላቸው፣ ጎድጓዳና ጉብታ ያለው። ስለቱን አስገብተው ትንሽ ይጫኑታል፣ ያወጡታል፣ ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩታል፣ ይመልሱታል። የቅጠሉን ጫፍ ለማደብለቡ ብቻ ብዙ ጊዜ ተመላለሱ። ሁለተኛውን ሲያጥፉ የመጀመሪያውን አጠገቡ አስቀምጠው ነው፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ድረስ አላቆሙም።

ለስፖንጁ የነጠላ ጫማ ሶል ቆርጠው አሳዩኝ። ለስላሳ የአልጋ ስፖንጅ አይሆንም፣ ይጨመቃል እንጂ ወረቀቱን አይገፋም። ከስለቱ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት።

ነሐሴ 5

ዳዩ ደረሰ። ደጋግሜ አየሁት፤ የእጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፣ መልኩም ደስ ይላል።

ወፍራም ዳይ ያለ ተጨማሪ መደላድል ይገባል። ታች ፓድ፣ ዳዩ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ወረቀቱ፣ ላይ ፓድ። ስስ ዳይ አንድ ወይም ሁለት ወረቀት ነው የሚቆርጠው። ይህ ግን ባለ 120 ግራሙን አራት ደርቤ ብሰጠው ጥርት አድርጎ ቆረጠው። በአንድ ማዞር አሥራ ሁለት ቅጠል ወጣ። ጠርዛቸውን በጣቴ ሄድኩበት። ጸጉር የለውም። መጋጠሚያው ላይ ብቻ ትንሽ ክር ቀርታለች፤ በጥፍር ትላቀቃለች። ጋሼ እንዳሉት ከመሐሉ ትደበቃለች።

የእህቴ ልጅ እጀታውን እኔ ነኝ የማዞረው ብላ ተቀመጠች። ሰባት ዓመቷ ነው። ትንሽ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ሆና በሁለት እጇ ታዞራለች። ሕጋችን አንድ ነው፦ እጅ ወደ ሮለሩ አይጠጋም፣ ድርብርቡን የማስገባው እኔ ነኝ፣ የምታዞረው እሷ ናት። ዳዩንም አትነካም፤ ስለቱ ወደ ላይ ስለሆነ ጣት ይቆርጣል።

ነሐሴ 11

የቅጠሉ መስመር ቀረ። ለዚህ የሚሆን ፎልደር የለኝም። እንዲያውም የሚሸጥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ መስመሩን የሚያወጣውን ሰሌዳ ከክር ሠራሁ።

ወፍራም ካርቶን ላይ የጥጥ ክር በኮላ ለጠፍኩ። ክሩን በቅጠሉ ርዝመት ዘርግቼ፣ ከሥሩ ጠበብ፣ ወደ ጫፉ ፈርከክ እንዲል አደረግሁ። ኮላው ደርቆ ድንጋይ እስኪሆን አንድ ሌሊት ቆየ። ክረምት ነውና ኮላ አይቸኩልም። ከዚያ ቅጠሉን በክሩ ላይ አስቀምጬ፣ በላዩ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ አለበስኩት። ላስቲኩ ግፊት ሲያርፍበት ወረቀቱን በክሩ ግራና ቀኝ ወደ ታች ይገፋዋል። ክሩ ያለበት ቦታ ከፍ ብሎ ይቀራል። ሁለተኛ የተጎደጎደ ገጽ አያስፈልግም፤ የዚያን ሥራ ላስቲኩ ይሠራል።

የመደላድሉን ውፍረት በ80 ግራም ወረቀት እየጨመርኩ ነው ያስተካከልኩት። በመጀመሪያ መስመሩ ጭራሽ አይታይም። ትንሽ ሲጨመር ደብዘዝ ብሎ ወጣ። ትንሽ ሲጨመር እጅ ላይ የሚዳሰስ ሆነ። አንድ ተጨማሪ ወረቀት ሲገባ ክሩ ራሱ ወረቀቱን ሊበሳው ደረሰ። ከዚያ በፊት ያለውን ልክ በእርሳስ መደላድሉ ላይ ጻፍኩት። ዳይና ፎልደር በተለወጠ ቁጥር ልኩን መጻፍ ይጠቅማል፤ ሌላ ቀን ከዜሮ አትጀምሩም።

መስመር የወጣለትን ቅጠል እርሳስ ላይ ጠምጠም አድርጌ ጫፉን ቀና ሳደርገው፣ የእህቴ ልጅ «አደይ!» አለች። ሳልነግራት።

ነሐሴ 16

ጥለቱን ለመሥራትም ያንኑ የክር ዘዴ ተጠቀምኩ። እናቴ ጋ የቆየ ነጠላ አለ። ጥለቱን ዘርግቼ አየሁት። ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ በመሐላቸው ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ዳርና ዳር ቀጭን ጠርዝ። ያለው ሁሉ ይገልበጥ ማለት አይቻልም፤ ክር ከተጠጋጋ ወረቀቱ በመካከሉ አይገባም፣ አንድ ላይ ያብጣል። በክርና በክር መካከል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ሲኖር ነው ጥርት ብሎ የሚወጣው። ስለዚህ ከጥለቱ ዋናውን ብቻ ወሰድኩ።

ወረቀቱን በፀጉር ውሃ መርጫ ከሩቅ እፍ አደርግበታለሁ። ጠብታ አይደለም የምፈልገው፣ ጤዛ ነው። ትንሽ ጠብቄ፣ በጣት ሲነካ ቀዝቀዝ ሲል፣ አስገባዋለሁ። ሲወጣ ወዲያው አላነሣውም። ከወፍራም መጽሐፍ ስር ካስቀመጥኩት ቅርጹ ይደፈጠጣል፣ እንዲሁ ከተውኩት ደግሞ ይቆለመማል። መፍትሔው አራቱን ጥግ ብቻ መጫን ነው። ሳንቲም ይበቃል።

ነጭ በነጭ ላይ ነው። ቀለም ስለሌለው ፊት ለፊት ስታዩት ምንም የለም ትላላችሁ። ብርሃን ከጎን ሲያገኘው ጥለቱ ብቅ ይላል። ቀለም ልጨምር ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ተውኩት። ቢጫው አበባ ብቻውን እንዲናገር ነው የምፈልገው።

ነሐሴ 20

ፓዶቹ ጎበጡ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ስለት ከበላቸው ወደዚያው ይታጠፋሉ። በየዙሩ መገልበጥና ማዞር ዕድሜያቸውን ያረዝማል፤ ለዘላለም ግን አይኖሩም። እዚህ አገር ፓዱን ከሱቅ ማግኘት ከባድ ነው፤ እህቴን ደግሞ በየወሩ ላኪ ማለት አልችልም።

ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፖሊካርቦኔት አስቆረጥኩ። ለጣሪያ ብርሃን ማስገቢያ የሚሆነው ነው፤ ቀዳዳ ያለውን ሳይሆን ድፍኑን ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ስለቱን ይቀበላል፣ አይሰነጠቅም። ፕሌክሲግላስ በመልክ ይመሳሰለዋል፣ ግን አትሞክሩት። በግፊት ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ለዓይን አደገኛ ነው። በሱቅ ውስጥ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አይቻለሁ። ቁራጭ ጎንበስ አድርጋችሁ ፈትኑት፤ ፖሊካርቦኔት ይታጠፋል፣ ፕሌክሲግላስ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይህን ስታደርጉ ፊታችሁን አርቁ።

የሱቁ ቁራጭ ከፋብሪካው ፓድ በጣም በትንሹ ይሳሳል። በሁለት የ80 ግራም ወረቀት ተካካሰ።

ነሐሴ 26

ማታ መብራት ሄደ። ሻማ አብርተን ቀጠልን። የጎረቤት ልጆች ጨለማውን ሸሽተው እኛ ጋ ተሰበሰቡ። አንዱ ያዞራል፣ አንዷ ቅጠል ትለያለች፣ ሌላው ስምንት ስምንት እያደረገ ይቆጥራል።

እትዬ፣ የጎረቤታችን እናት፣ ልጆቿን ልትወስድ መጥታ ቁጭ አለች። ካርዱን በሻማው አጠገብ ይዛ አየችው። የሻማ ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ጥለቱ ጎልቶ ይታያል። «ይሄንማ ልጆቹ ሊያዞሩት ነው፣ አበባ ሊሥሉ ነው ወይስ ምን?» አለች።

ጥያቄዋ ከልቤ ገባ። በእኛ ልማድ የእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች በእጃቸው የሣሉትን የአበባ ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይሄዳሉ። እርሳስና ከለር፣ ተራ ወረቀት። ሥዕሉ ጠማማም ቢሆን የልጁ ነው። እኔ በማሽን አስውቤ ያንን ልማድ ልተካው አልፈልግም። ስለዚህ ንድፉን ቀየርኩ። አበባው ከመሐል ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። ጥለቱ በአንድ ጎን ብቻ ቀረ። የካርዱ ሰፊ ቦታ ባዶ ነው፤ ልጁ የሚሥልበት። ያልተቀባ ወረቀት መምረጤ እዚህ ላይ ደግሞ ጠቀመ፤ ከለር በደንብ ይይዛል።

በማግስቱ የመጀመሪያው ልጅ ሣለ። አበባ አይደለም፣ በግ ነው የሣለው። በጉ ከአደዩ አጠገብ ቆሞ ሊበላው ይመስላል። በጣም ነው የወደድኩት።

ጳጉሜን 1

መገጣጠም። ስምንቱን ቅጠሎች በኮላ የምይዛቸው ከሥራቸው ብቻ ነው። ጫፋቸው ነፃ ነው። መጀመሪያ አራት በመስቀል ቅርጽ፣ ከዚያ አራት በመካከላቸው። መሐሉ ላይ ከጠቆር ያለ ቢጫ ወረቀት ቀጭን ጥብጣብ ቆርጬ፣ ጠርዙን በመቀስ ዘልዝዬ፣ ስቴኪኒ ላይ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ሲፈታ ትንሽ ድቡል ይሆናል። ወረንጦ ከሌላችሁ ይህን ሥራ አትጀምሩት፤ ጣት ኮላውን ሁሉ ይበክለዋል።

ኮላ በርካታ ሲሆን ባለ 120 ግራም ወረቀት ይጨማደዳል። በስቴኪኒ ጫፍ የምትወስዱት ያህል ይበቃል።

ጳጉሜን 3

ካርዶቹ አልቀዋል። ማሸግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። አበባው ከፍ ስለሚል ተራ ፖስታ ውስጥ ይጨፈለቃል፤ አንዱን በአንዱ ላይ መደርደርም አይቻልም። በኬክ ሳጥን ውስጥ አቁሜ፣ በየመካከሉ የካርቶን ቁራጭ አስገብቼ ነው ያደረስኩት። ለሩቅ የሚላኩትን ከአበባው ዙሪያ ትንሽ የካርቶን ክብ አድርጌ አሸግኳቸው፤ ግፊቱን እሱ ይቀበላል።

ለመምህርቷ ጓደኛዬ አበባ ያልተለጠፈባቸውን፣ ጥለት ብቻ ያላቸውን ካርዶችና ቅጠሎቹን ለየብቻ በፌስታል ሰጠኋት። ተማሪዎቿ ራሳቸው ይገጥሟቸዋል፤ ኮላ አጠቃቀሙን አሳይቻታለሁ።

የተረፈው ቅጠል ለመስቀል ይቀመጣል። ዳዩን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ ስለቱን በስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት። በክረምት ያልተቀባ ስለት በሳምንት ውስጥ ዝገት ይይዘዋል። ለጋሼም ካርድ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩት፣ ከአበባው ሥር መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ፈለጉ፣ አላገኙትም። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ከዚያ ቀን የተረፈውን፣ ጀርባው ወርዶ የተስተካከለውን ስለት አወጡልኝ። ለአረንጓዴው ቅጠል ይበቃል። ሥዕሉን ይዤ እንድመጣ ከበዓሉ በኋላ ቀጥረውኛል።